ርእስና መለያ ይለያዩ፦ በአማርኛ የሶፍትዌር መመሪያዎች የክፍል አሰያየም ላይ የቀረበ አስተያየት

የሶፍትዌር መመሪያ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም፤ አንባቢው በማያያዣ በኩል ወደሚፈልገው ክፍል በቀጥታ ይሄዳል። ማያያዣው የሚያርፈው ግን በርእሱ ላይ ሳይሆን፣ መሣሪያው ከርእሱ በሚሠራው መለያ ላይ ነው። የአማርኛ መመሪያዎች ችግርም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የፓይተን ቋንቋ መመሪያ የሚዘጋጅበት ስፊንክስ የተባለው መሣሪያ መለያ ሲሠራ የግዕዝ ፊደላትን ይጥላል። ርእሱ በአማርኛ ብቻ ከተጻፈ የሚተርፍ ስለሌለ ክፍሎቹ ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ሁለተኛው ክፍል «መረጃን መሰረዝ»፣ ሦስተኛው «መረጃን መመለስ» ነው እንበል። ከሁለቱ በፊት አዲስ ክፍል ቢጨመር ቁጥሮቹ ይሸጋሸጋሉ፤ ወደ መመለሻው ይመራ የነበረው የቆየ ማያያዣም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ መሰረዣውን ይከፍታል። የተበጠሰ ማያያዣ መበጠሱ ይታወቃል፤ ይህ ግን ሳይታወቅ ያሳስታል።

ፊደላችንን የማይጥሉ መሣሪያዎችም ቢሆኑ ችግሩን በሙሉ አይፈቱትም። «ሥርዓት» እና «ስርአት» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ዩኒኮድም ሞክሼ ፊደላትን አንድ አያደርግም። በሁለት ነጥብና በባዶ ቦታ የተለዩ ቃላትም እንዲሁ ይለያያሉ። በተጨማሪም እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ባለ 4 ፊደሉ «መግቢያ» በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ በመቶኛ ምልክት ሲገለጽ 36 ምልክት ይሆናል።

ርእሶችን በእንግሊዝኛ መጻፍ ይበጃል የሚሉ አሉ። ይህ ለመሣሪያው ድክመት አንባቢውን ማስከፈል ነው፤ መመሪያው በአማርኛ የተዘጋጀው እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በእኔ እምነት መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው። ርእሱ በአማርኛ፣ በአንድ በተወሰነ የሆሄ አጻጻፍ ይጻፍ፤ ከበላዩ ግን አዘጋጁ ራሱ የመረጠው አጭር የላቲን ፊደል መለያ ይቀመጥ። ስፊንክስ ይህን ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀውም በየክፍሉ አንድ መስመር ብቻ ነው። ርእሱ ቢታረም እንኳ መለያው አይለወጥ። የፕሮጀክት መመሪያ የምናዘጋጅ ተማሪዎች ይህን ልማድ ከመጀመሪያው ገጽ ብንይዝ፣ ሥራችንን የሚረከቡት ከስሕተት ይድናሉ።