ሴንሰስ ሌላ፣ ሴንሰር ሌላ!

እንግሊዝኛ ጆሮ ያታልላል። ሴንሰስና ሴንሰር ሲባሉ አንድ ይመስላሉ። ሴንሰስ የሕዝብ ቆጠራ ነው። ሴንሰር ግን እኛ ሳንሱር የምንለውን ሥራ የሚሠራ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሰው ጽሑፍ የሚሰርዝ ሹም ነው። ዘራቸው አንድ ነው፤ በጥንታዊቷ ሮም ሴንሰር የሚባሉት ሹማምንት ሕዝቡን ይቆጥሩም፣ ምግባሩን ይቆጣጠሩም ነበር። በኛም ቋንቋ መቁጠርና መቆጣጠር ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው።

ሕገ መንግሥታችን ግን ቁርጥ አድርጎ ለይቷቸዋል። አንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። አንቀጽ 103 ደግሞ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። አንዱ ክልክል፣ ሌላው ግዴታ! ታዲያ ሹሞቻችን የትኛውን ሠሩ?

የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። ያኔ ውጤቱ ሲቀርብ የአማራ ሕዝብ ከተገመተው 2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ መገኘቱ ፓርላማ ውስጥ ሳይቀር ጥያቄ አስነስቷል። ጥያቄውን የሚፈታው ተከታዩ ቆጠራ ደግሞ ተራዘመ። ሰኔ 2011 ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። ፀጥታ የለም ተባለ። በ2013 ምርጫ ሲካሄድ ግን ጦርነት እንኳ አላገደውም። ለኮሮጆ የተገኘ ፀጥታ ለቆጠራ የት ገባ?

ክልክሉ ግን አልተራዘመም! ሐምሌ 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ኢንተርኔቱ ለወራት ተዘጋ፤ ጋዜጠኞችም ታሰሩ። ቀይ እስክሪብቶው ቀርቶ መስመሩ ተቆረጠ።

ጣጣው የከተሜ ብቻ አይደለም። አርብ ገበያ የታች ጋይንት ዋና ከተማ ናት፤ ድርቅ የሚመላለስበት፣ ሴፍቲኔት የሚጠበቅበት አገር። እዚያ ስንት አፍ እንዳለ የሚነገረን በ1999 ቁጥር ላይ ግምት እየተደመረ ነው። የአርብ ገበያ ነጋዴ እንኳ በጉን ቆጥሮ፣ እህሉን ሰፍሮ ይሸጣል፤ በግምት አያስረክብም። በቆጠራው ማግስት የተወለደ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል፤ መንግሥት ግን ገና አልቆጠረውም። ያልተቆጠረ ሰው ራበኝ ቢልስ ማን ይሰማዋል? መስመሩም ሲዘጋበት ሁለት ጊዜ ተሰረዘ ማለት ነው።

እንግዲህ ትርጉሙ ጠፍቷችሁ ከሆነ ባጭሩ እነሆ፦ ሕዝቡን ቁጠሩት፣ አፉን ልቀቁት!