መነሻው የተሰወረ ሒሳብ

በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የሚኖር ወላጅ ሁሉ ልጁን ሲያስመዘግብ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «የትኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሻላል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚከነክነኝ የሚሰጠው መልስ ነው። «ያኛው ብዙ ያሳልፋል፤ ይኸኛው ይጥላል» ይባልና «ዛፍ በፍሬው ይታወቃል» የሚለው ብሂል ማኅተም ሆኖ ያርፍበታል።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝ። በዓመቱ መጨረሻ አንዱ ደንበኛ 100,000 ብር፣ ሌላው 20,000 ብር ቢኖረው ቆጣቢው ማን ነው? መነሻቸውን ሳያዩ መፍረድ አይቻልም። የፊተኛው ከ150,000 ብር እየቀነሰ የመጣ፣ የኋለኛው ከባዶ የተነሣ ሊሆን ይችላልና።

ትምህርት ቤቶችን ግን በወጪ ቀሪያቸው ብቻ እንዳኛለን። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ውጤታቸው ካማረላቸው ጥቂቶች መካከል ተማሪዎቻቸውን በፈተና መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። መርጦ የተቀበለን፣ የመጣለትን ሁሉ ከሚያስተምር ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ነው።

በድሬዳዋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር ስትወለድ ከዚራና መጋላ በደቻቱ ተለያይተው በየመልካቸው አደጉ። በአንደኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዱ በሶማሊኛ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይገናኛሉ። መነሻቸው ለየቅል የሆነውን ልጆች መድረሻ ብቻ አይቶ ትምህርት ቤቱን ማመስገንም ሆነ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የደቻቱ ልጅ ይህ ሊጠፋው አይገባም። ወንዛችን ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ ከላይ በደጋው ሲዘንብ ግን በድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን የነጠቀን ጎርፍ ከላይ የወረደ ነበር። የ12ኛ ክፍል ውድቀትም በ12ኛ ክፍል አይዘንብም፤ ማንበብ ሳይችል ከክፍል ክፍል ከተዛወረ ሕፃን ይጀምራል።

«ይህ ለሰነፍ መምህር መሸሸጊያ አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። እንዲያውም መነሻው ሲገለጥ ጎበዝ ተማሪ ተቀብሎ ሳይጨምርለት የሚሸኝ ባለዝና ትምህርት ቤትም ይጋለጣል።

ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። «ደካማ» የተባለውን ትምህርት ቤት አቅም ያለው ወላጅ ይሸሸዋል፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚጠይቅለት ያጣል፤ የተባለውም ይደርስበታል። ስለዚህ ትምህርት ቢሮው የየትምህርት ቤቱን ውጤት ሲያወጣ ከጎኑ ሦስት ነገር ያስፍር፦ እነዚያው ተማሪዎች 8ኛ ክፍል ያመጡትን ውጤት፣ 9ኛ ክፍል ከገቡት ስንቱ እስከ 12ኛ እንደ ዘለቀ፣ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ። ወላጅም በምዝገባ ቀን «ስንት አሳለፋችሁ?» ከማለቱ በፊት «ምን ዓይነት ተማሪ ተቀብላችሁ፣ የት አደረሳችሁት?» ብሎ ይጠይቅ።