በምን በኩል ነው የሚወጣው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ይቺን አፕ ሞክረዋታል? ማስታወሻ መያዣ ናት፣ እየተናገሩ በአማርኛ ትጽፋለች፣ ልጫናት ወይስ ልተዋት?» ብሎ ላከልኝ። እንደምታውቁኝ አዲስ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ቤታችን ውስጥ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ቻርጀር ከተገኘ የኔ ነው። እና ሰው ቢጠይቀኝ አይፈረድበትም። የመለስኩለት ግን «ሦስት ቀን ጻፍባትና የጻፍከውን ከውስጧ አውጥተህ ላክልኝ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ» ብዬ ነው። እስካሁን አልላከልኝም። ወይ ሰንፏል፣ ወይ አልወጣለትም።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ድሮ ስልክ ስጠየቅ ካሜራውን፣ ባትሪውን፣ ሚሞሪውን ነበር የምቆጥረው። ኮምፒውተር ስጠየቅ ፍጥነቱን። አሁን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ያስገባሁት ነገር በምን በኩል ነው የሚወጣው የሚል ሆኗል። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። በተለይ በ1995 ዓ.ም. ደሴ አስረኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታልና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ያኔ ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቻችሁ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቱ፣ አያት ከሌለው ከጎረቤት ሽማግሌ፣ አንድ ተረት ሰምቶ ጽፎ እንዲያመጣ። 43 ተረት መጣ። አንዳንዱ ሁለት ገጽ፣ አንዳንዱ ስድስት ገጽ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያኔ አንድ ኮምፒውተር ነበረው፣ ዳይሬክተሩ ክፍል ውስጥ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየገባሁ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ በሁለት ጣቴ ተየብኩት። ሲያልቅ በሲዲ ላይ አስገለበጥኩና እንደ ሀብታም ተሰማኝ። በ1999 ቤት ስቀይር በእጅ የተጻፈውን ክምር ወረቀት «አሁንማ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል» ብዬ ለሰፈሩ ሱቅ ሰጠሁት። ስኳርና በርበሬ ተጠቅልሎበት አልቋል ማለት ነው። ይህንን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ዘንድሮ በጥር አንዷ ተማሪዬ ደወለች። አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት። አያቷ አርፈዋል። «ቲቸር፣ ያኔ ያስጻፉን የአያቴ ተረት አለ? ድምፃቸውን እንኳን አልቀረጽኩም። ያ ወረቀት ብቻ ነበር ከአፋቸው የተጻፈው» አለችኝ። «አለ እንጂ! ሲዲ ላይ አለ» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሲዲው ተገኘ። ላፕቶፔ ግን የሲዲ ማስገቢያ የለውም። ከጎረቤት ጠየቅሁ፣ የማንም የለውም። በመጨረሻ አንዲት የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያላት ሴትዮ ጋ ሄድኩ። የድሮ ታይፒስት ናት፣ ጥግ ላይ ጀርባው እንደ ጉብታ የወጣ ሞኒተር ያለው ኮምፒውተር አላት። ከ43ቱ ፋይል 37ቱ ተገለበጡ። ስድስቱ ሲዲው ስለተጫረ እምቢ አሉ። የተማሪዬ አያት ተረት ከ37ቱ ውስጥ ነበር። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሮጥኩ፣ በላፕቶፔ ከፈትኩት፣ አንድም የአማርኛ ፊደል የለም! ገጹ ሙሉ የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ባለ ጭረት ምናምን ተዘርቶበታል።

ወጣቶቹ ይህ ለምን እንደሚሆን ላታውቁ ስለምትችሉ ትንሽ ላብራራ፣ መምህርነት አይለቅም። በዚያን ዘመን አንድ ፎንት መያዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው። ቋ፣ ኳ፣ ሟ፣ ቷ፣ አራት ነጥብ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ቁጥር ሲጨመር ይሞላና ይፈሳል። ስለዚህ የየሶፍትዌሩ ሠሪዎች በፈረንጁ ፊደል ቦታ ላይ የኛን ሥዕል አስቀመጡ፣ አልበቃ ሲላቸው ለሁለት ፎንት ከፈሉት። ሁሉም በየራሱ ቅደም ተከተል። እኔ «ተረት» ብዬ ስጽፍ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የፈረንጅ ፊደል ነው፣ የሀበሻ ቀሚስ ለብሶ። ቀሚሱ ሲወልቅ፣ ማለትም ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት፣ ያው ፈረንጅ ሆኖ ቁጭ ይላል።

የሚገርመው መፍትሔው ያኔም ነበረ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቋሚ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ እኔ ያን ተረት ከመተየቤ ከሦስት ዓመት በፊት ማለት ነው። ግን ማን ነግሮን? ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው እንኳን እ.ኤ.አ. በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በየቢሮው የተጻፈው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ያ ቀሚስ የለበሰው ነው። የስንቱ ሰው ድካም ዛሬ በየመሳቢያው እንደዚያ ሆኖ ተቀምጧል!

ወደ ሴትዮዋ ተመለስኩ። የድሮው ፎንት እሷ ኮምፒውተር ላይ አለ። «የደንበኞቼ ውል በሱ ስለተጻፈ ነው ያልጣልኩት» አለችኝ። ፋይሉን ስትከፍተው ፊደላችን ተደርድሮ ወጣ። ገልብጬ ወደ ላፕቶፔ ስወስደው ግን መልሶ ፈረንጅ። ከኢንተርኔት መቀየሪያ ፕሮግራም አወረድኩ፣ ግማሹን በትክክል ቀየረው፣ ግማሹን የሌላ ፎንት መስሎት አተራመሰው። ሦስት ማታ አምሽቼ ተውኩት። በመጨረሻ ያደረግነው ምን መሰላችሁ? ከሷ ኮምፒውተር ሁሉንም አተምነው። (መሀል ላይ መብራት ሄዶ ሁለት ሰዓት ጠበቅን፣ ቡና አፈላች።) ከዚያ ወረቀቱን በስልኬ አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ፣ ከምስል ላይ ፊደል በሚለቅም ነፃ ፕሮግራም በዩኒኮድ አስነበብኩት። ከሃያ ዓመት በፊት ንቄ ለሱቅ የሰጠሁት ወረቀት ነው መልሶ ያወጣኝ።

ፕሮግራሙ ሰ እና ለን ያምታታል፣ ስለዚህ ማረም ነበረብን። ከተማሪዬ ጋር በስልክ፣ እኔ አነባለሁ እሷ ትሰማለች። ጥሩ እየሄድን ሳለ አንድ ቦታ አስቆመችኝ። «ቲቸር፣ አያቴ እንዲህ አይሉም ነበር። ይሄ የመጽሐፍ አማርኛ ነው።» ፕሮግራሙ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ የታተመውን አየሁ። አልተሳሳተም። ቀጥሎም ሌላ ቦታ አስቆመችኝ፣ ከዚያም ሌላ። ያኔ ገባኝ። ስተይብ የሴትዮዋን የአገር ቤት አነጋገር «ትክክለኛ» ወደምለው አማርኛ እየቀየርኩ ነው የተየብኩት። እሱን የሚያወጣ ፕሮግራም ደግሞ የለም። ከሷ ትዝታ እየጠየቅሁ አስራ አንድ ቃል መለስን፣ የቀረውን እሷም ረስታዋለች።

ለፎንቱ ነው የምቆጣው ወይስ ለራሴ? ለሁለታችንም። ግን የራሴን ስህተት በዚህ ዕድሜዬ ከማረም በላይ ማድረግ አልችልም። በአዲስ ዕቃ ላይ ያለኝን አስተያየት ግን መቀየር እችላለሁ፣ ቀየርኩም።

አሁን የምለው ይሄ ነው። ሶፍትዌርን በሚያሳየን ነገር መመዘን ትተን ስንለየው በሚሰጠን ነገር እንመዝነው። ሁሉም መግቢያው ሰፊ ነው። ግባ፣ ነፃ ነው፣ በአማርኛም ነው፣ ስልክ ቁጥርህን ብቻ ስጠን ይልሃል። መውጫውን ግን አስር ቦታ ነክተህም ላታገኘው ትችላለህ። ባለፈው ዓመት የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበሪያ አንድ ፕሮግራም ሞከርኩ፣ በጣም ግሩም ነገር ነው፣ አልዋሽም። ክፍያው ግን በየወሩ በዶላር ነው፣ የኛ ሰው ካርድ ደግሞ አይሠራለትም፣ ስለዚህ ዴንቨር ያለው ወንድሜ በሱ ካርድ ይከፍልልኝ ነበር። የሱ ካርድ ጊዜው አለፈበትና ተቀየረ። በሚቀጥለው ወር ፕሮግራሙ «ማየት እንጂ መንካት አይቻልም» አለኝ፣ ከዚያ ጭራሽ አልከፍትም አለ። ሦስት ምዕራፍ ሥራዬ ውስጥ ነው፣ ፋይሉም ከሱ በቀር በማንም አይከፈት። ዴንቨር ሌሊት ስለሆነ እስኪነጋላቸው ጠብቄ፣ ወንድሜን ቀስቅሼ፣ የራሴን ጽሑፍ ለማየት ሰው ስለምን ዋልኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ቀሚሱ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ፍትሐዊ ልሁን፣ በደንብ የሚሸኙም አሉ። ጉግል ፕላስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ሲዘጋ ቀኑን አስቀድሞ ነግሮ ሰው ያስቀመጠውን እንዲያወርድ ጊዜ ሰጥቷል። ቴሌግራም በኮምፒውተር ላይ የምትጭኑት ዓይነት ከሆነ የንግግራችሁን ታሪክ ከነፎቶውና ከነድምፁ ወደ ራሳችሁ ማውጣት የምትችሉበት ቦታ አለው፣ ስንቶቻችሁ ተጠቅማችሁበታል? የእናታችሁ የድምፅ መልእክት ስልካችሁ ውስጥ ብቻ ከሆነ ያለው፣ ይህንን ጽሑፍ አቁማችሁ አሁኑኑ አውጡት። እኔ እጠብቃችኋለሁ።

አንድ ጓደኛዬ፣ እሱም መምህር የነበረ፣ «አንተ ጡረተኛ ስለሆንክ ጊዜ አለህ፣ ሰው ሥራውን ቶሎ መጨረስ ነው የሚፈልገው። ደግሞ የምንጽፈው ሁሉ ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ ነው እንዴ?» ይለኛል። ግማሽ እውነት አለው። የአስቤዛ ዝርዝሬ ዩኒኮድ ሆነ አልሆነ ማን ያስባል! ችግሩ በምንጽፍበት ሰዓት የትኛው እንደሚፈለግ አለማወቃችን ነው። እኔ ያን ተረት ስተይብ ለማርክ ነበር፣ ከአስር የሚታሰብ የቤት ሥራ። ለዚያች ልጅ አያቷ ከአስር ስምንት ነበር የሰጠሁት፣ ልብ በሉ።

አዲሱንም አልጠላሁም። በድምፅ መጻፍ በጣም እወዳለሁ፣ ጉግል አማርኛን ከጨመረበት ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ጣቴን አሳርፎልኛል። ምስል አንባቢው ባይኖር ደግሞ 37ቱን ተረት እንደገና መተየብ ነበረብኝ። የምሞክረውን መሞከር አላቆምኩም፣ የምሞክርበትን መንገድ ነው የቀየርኩት። አዲስ ነገር ስጭን በመጀመሪያው ቀን አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ቋንቋ፣ ጓደኛ፣ ጧት፣ ኃይል፣ ፀሐይ፣ ፲፪፣ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ። ከዚያ አስወጥቼ ሌላ ስልክ ላይ፣ ቢቻል ርካሽ ስልክ ላይ፣ እከፍተዋለሁ። ፒዲኤፍ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አላምነውም፣ ከውስጡ አንድ ቃል ገልብጬ ሌላ ቦታ ለጥፌ አያለሁ። ላዩ አማርኛ ሆኖ ስትገለብጡት ዝባዝንኬ የሚሆን ብዙ ነው። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካላለፈ፣ የፈለገ ቢያምር ለአስቤዛ እንጂ ለሌላ አልጠቀምበትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። 37ቱ ተረቶች ታርመው በተራ የጽሑፍ ፋይል አሉኝ፣ በየትኛውም ስልክ ይከፈታሉ። የእያንዳንዳችሁን ለእያንዳንዳችሁ እልካለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሲደርሳችሁ አያቶቻችሁ እንዲያ ይሉ እንደነበረና እንዳልነበረ ንገሩኝ፣ የቀየርኩትን እመልሰዋለሁ። በዚያ ክፍል ሆናችሁ ተረታችሁ እኔ ጋ ያልተገኘ ስድስት ናችሁ፣ ስማችሁን እዚህ አልጽፍም፣ ዛሬ ማታ አንድ በአንድ እደውልላችኋለሁ። እስከዚያ የድሮ ደብተራችሁን ፈልጉ። ምናልባት ረቂቁ ከጀርባው ገጽ ላይ ይኖራል፣ ያኔ መጀመሪያ በእርሳስ ጻፉ ብያችሁ ነበር።

ሌሎቻችሁም በድሮ ፎንት የተጻፈ፣ አልከፈት ያላችሁ ነገር ካለ አምጡ። ሴትዮዋ ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ልትሰጠኝ ተስማምታለች፣ የወረቀቱን ዋጋ ብቻ ትከፍሏታላችሁ። ኮምፒውተሩ ግን አርጅቷል፣ በተነሳ ቁጥር ያቃስታል። ብዙ አትቆዩ።