የጎማ መንፊያ ስንገዛ ካርቶኑን አንመን

ገመድ አልባዋ የጎማ መንፊያ አሁን በየሱቃችን አለች። ከሞያሌ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመሃል ጎሚስታ እንደ ልብ አይገኝም። የተበሳ ጎማ ባትደፍንም ጎሚስታው ድረስ ታደርሳለችና መግዛቱን እንደግፋለን። ክርክራችን ምርጫው ላይ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «150 ፒኤስአይ» ይላል። ለማን? የቤት መኪና ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ይበቃዋል፤ ልኩም በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል። ማየት ያለብን በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደምትገፋ ነው። የሞተር ሳይክል ጎማ በደካማዋም ይሞላል፤ መኪና ላይ ግን ሁለተኛውን ጎማ ሳትጨርስ ግላ ልታቆም ትችላለች።

ባትሪውም እንዲሁ ነው። ባለ 2000 ሚሊአምፒር ሦስት ሴሎች ተደምረው «6000» ተብሎ ይጻፋል፤ በዋት ሰዓት ሲሰላ 22 ገደማ ብቻ ነው። በመኪናው 12 ቮልት ሶኬትም የምትሠራዋን እንመርጣለን፤ ቻርጅ ማድረግ የረሳ ሰው በሌሊት አይቸገርም። ልኩ ሲሞላ በራሷ የምታቆም ከሆነች ደግሞ ጥሩ።

እኛም ሻጮች ነንና ለአይሱዙ ሾፌር «ትሠራለች» ብለን አንስጥ፤ የጭነት ጎማ ብዙ አየርና ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል። ዕቃ ጭኖ በረሃ ላይ የሚያድረው እሱ ነው፤ ያውም የእኛን ዕቃ።

ስናመጣም ከመክፈላችን በፊት ሱቁ በር ላይ በቆመች መኪና ጎማ ትሞከር። አላስሞክርም ያለ ነጋዴ ዕቃው ይቅርበት።