«እም» ብቻ አይበቃም

ጉጅራቶች ተረት ሲያወሩ አድማጩ በየመሀሉ «እም» እያለ መቀበል አለበት። «ሁንካሮ» ይሉታል። እኛም «የላም በረት» የሚል ካልተገኘ ተረት አንጀምርምና ልማዱ ባዕድ አይሆንብንም። ደስ ይላል። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ልጣላው ነው።

አብሮኝ ኮድ የሚጽፍ የሌስተር ልጅ አለ፤ አያቱ ከጂንጃ፣ ኡጋንዳ የወጡ ጉጅራት ናቸው። ታሪካቸውን በቃሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያኑን በ90 ቀን ውስጥ ልቀቁ አለ። አንድ ሻንጣ፣ ሃምሳ ፓውንድ ገደማ። ከ27,000 በላይ የሚሆኑት ብሪታኒያ ገቡ። የሌስተር ማዘጋጃ ቤት ወደ ከተማው እንዳይመጡ በኡጋንዳ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። መጡ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ ልጅ አስተማሩ። ሁሉም እውነት ነው፤ የተፈጸመባቸውም ግፍ ነው።

ግን ታሪኩ ለምንድነው ሁሌ ከ1972 የሚጀምረው? በ1959 ቡጋንዳ ውስጥ ሕዝቡ ከእስያውያን ሱቅ አንገዛም ብሎ አድማ መትቶ ነበር። እንዲህ ያለ አድማ ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም። የሱቁን ጆንያ ማን ይሸከም ነበር? ወጡንስ ማን ይሠራ ነበር? ልጁን ጠየቅኩት። «አንድ ሰውዬ ነበር» አለኝ። ስሙን አያውቅም። የሻንጣውን ቀለም ግን ያውቃል።

«ተው እንጂ፣ የተሰደደ ሰው ቁስሉን ነው የሚያወራው» የሚለኝ አይጠፋም። ለአያትየው እሺ። ለልጅ ልጁ ግን አልቀበልም፤ እሱን ያባረረው የለም። ደግሞ አሁን ፋሽኑ «ሳያልፉ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ» ሆኗል። የጎደለ ነገር ስለተቀዳ አይሞላም። (በእኛ ሙያ የተበላሸ ዳታ ባክአፕ ብታደርግ የምታተርፈው ሁለት የተበላሸ ዳታ ነው።)

ኤም ጂ ቫሳንጂን ተመልከቱ። የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነው፤ የተማረውም የኑክሌር ፊዚክስ ነው። በ1989 በታተመው «ዘ ገኒ ሳክ» የተባለው ልብ ወለዱ ከጉጅራት የመጣው ቅድመ አያት ከአንዲት ባሪያ ልጅ ይወልዳል፤ ከዚያ ሴትዮዋን ይተዋታል። ቫሳንጂ ሳሎን ውስጥ የማይነሳውን ነገር የቤተሰቡ ሥር ላይ አስቀመጠው። ቤተሰቡም አልፈረሰም፤ እንዲያውም ሰው ሆነው የታዩኝ ያኔ ነው።

እኛስ? ዋሽንግተን ውስጥ ከደርግ ስላመለጠ ቤተሰብ ሲወራ ስንቴ ሰምቻለሁ። በዚያ ሌሊት ስንቁን የቋጠረችው ሠራተኛ «ልጅቷ» ናት፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰች የሚጠይቅ የለም። ልጅ ቢጠይቅ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለን እናሳፍረዋለን።

የሌስተሩ ልጅ አያት ሰማንያን አልፈዋል፣ አእምሯቸው ግን ንቁ ነው። ሌላ ቀን ያን ታሪክ ሲጀምሩለት «እም» ማለቱን ትቶ የሰውዬውን ስም እንዲጠይቃቸው ነገርኩት። «ይቆጣሉ» አለኝ። ይቆጡ። ከሳቸው በቀር የሚያውቀው በቤቱ የለም።