ጥርስዎ ሳይነቀል ስለ አጥንቱ ይጠይቁ



ይህን የምጽፍልዎ ጥርስ ለመነቀል ቀጠሮ ይዘው ወይም ተነቅለው በቦታው ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ለማስተከል እያሰቡ ከሆነ ነው።

ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ለሚታየው ጥርስ እንጂ ለተሸከመው አጥንት አይደለም። ጥርሱ ሲነቀል ግን ያ አጥንት ሥራ ይፈታል፤ ሥራ ሲፈታም ይሟሟል። በመጀመሪያው ዓመት ከስፋቱ ግማሽ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል፤ አብዛኛው የሚጠፋውም ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። «ገንዘብ ሲኖረኝ አስተክላለሁ» ብሎ ዓመታት የቆየ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ «አጥንቱ አይበቃም» የሚባለው ለዚህ ነው።

አጥንት ከሌለ ኢምፕላንት የለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ የደም ዝውውርን ለማጥናት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የከተተውን የታይታኒየም መሣሪያ ሊያወጣ ቢሞክር፣ አጥንቱ አልለቅም አለው። በ1965 ይህንኑ ዘዴ ጎተንበርግ ውስጥ በሰው መንጋጭላ ላይ ሠራበት፤ ያ የመጀመሪያው ታካሚ በ2006 እስኪሞት ድረስ በዚያው ሲያኝክ ኖረ። ብረቱን አጥብቆ የሚይዘው ዙሪያውን የበቀለ ሕያው አጥንት ነው።

አጥንቱ ሲጎድል ሐኪሙ የአጥንት ንቅለ ተከላ ያደርጋል። የሚጨመረው ነገር ብዙውን ጊዜ ደቃቅ ጠጠር የመሰለ ነው፤ ሥራውም ሕንፃ ሲሠራ እንደሚቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው። የደም ሥሮች ይገቡበታል፤ ሰውነትም በላዩ የራሱን አጥንት ይሠራል። ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ ኢምፕላንቱ በዚያው ዕለት ሊተከል ይችላል፤ ሰፊ ከሆነ ግን ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ግድ ነው። በዚህ መሀል ሲጋራ ማጨስና ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም ፈውሱን ያበላሻሉ። ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ሳይናገሩ ወንበሩ ላይ አይቀመጡ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማይጠይቀው ነገር ልምጣ፦ የሚጨመረው ከየት የመጣ ነው? ከራስዎ አገጭ ወይም ከኋላኛው መንጋጭላ ሊወሰድ ይችላል። ከሞተ ለጋሽ ተወስዶ የተመረመረና የተዘጋጀም አለ። ከከብት አጥንት የሚሠራው በሰፊው የታወቀ ነው፤ ከካልሲየም ፎስፌት የሚሠራ ሰው ሠራሽም አለ። የተጨመረውን አጥንት ከላይ የሚሸፍነው ስስ ልባስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ከወጣ ኮላጅን የተሠራ ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ቤተ እስራኤሉም አሳማ የማይነካበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ሳይነገር መታለፉ ለእኔ አይዋጥልኝም። መብል ስላልሆነ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ለንስሐ አባትዎ፣ ለሼኩ ወይም ለቤተ እስራኤሉ ቄስ እተወዋለሁ፤ የእኔ ሙያ አይደለም። ግን ሐኪሙ ሊነግርዎ ይገባል፤ ከከብት የተሠራም ሆነ ሰው ሠራሽ ልባስም አለና።

ደግሞ የተነቀለ ጥርስ ቦታ ሁሉ በአጥንት መሞላት አለበት ማለቴ አይደለም። ኢምፕላንት ለማስተከል ሐሳቡ ከሌለዎት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ሳያይ «አጥንት ይጨመርልዎ» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ሌላ ሐኪም ያማክሩ።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው፦ ቀጠሮዎ ሳይደርስ ደውለው ይጠይቁ። አጥንቱ በነቀላው ዕለት ይጨመር ወይስ ይቆይ? አጥንቱም ልባሱም ከምንድን ነው የተሠሩት? ስንት ወር እጠብቃለሁ? መልሱን ካልሰሙ አፍዎን አይክፈቱ።