«መቼ?» የምትለዋ ጥያቄ ዓባይ ሸለቆ ስትደርስ

ዜና አጻጻፍ ስንማር ከስድስቱ ጥያቄዎች ውስጥ «መቼ» የምትለዋ ቀላሏ ተደርጋ ነው የምትታየው። «ለምን» ያከራክራል፣ «ማን» ያጣላል፤ «መቼ» ላይ ሲደረስ ግን ቀኑን ጽፎ ማለፍ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ስለ ተራራና ስለ ሸለቆ የሚቀርቡ ዘገባዎችን በጋዜጣና በሬዲዮ ስከታተል ይህቺው «ቀላል» ጥያቄ ነገር ስታበላሽ ማየቴ ነው። «ተራራው 30 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው» ይባላል። እሺ፣ ምኑ? ድንጋዩ የተፈጠረበት ነው? መሬቱ ከፍ ያለበት? ወይስ ወንዙ መቆፈር የጀመረበት? እነዚህ እኮ ሦስት የተለያዩ ዜናዎች ናቸው።

ለምሳሌ የራሳችንን የዓባይ ሸለቆ እንውሰድ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰም፣ ከሥር ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። የላይኛው ባዛልት በአብዛኛው የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ወንዙ ባዛልቱን ቆርጦ ስለወረደ ሸለቆው ከባዛልቱ በኋላ እንደመጣ ማንም ሰው ሊገምት ይችላል። ክርክሩ ያለው «በስንት ዓመት በኋላ» የሚለው ላይ ነው።

ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ዝቅተኛ ሙቀት ቴርሞክሮኖሎጂ የሚባለውን ዘዴ የሚጠቀሙት። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ የጠላ ጋን ለሚያውቅ ሰው አይከብድም። አፓታይት የሚባል፣ ከጥርሳችን ማዕድን ጋር የሚዛመድ ጥቃቅን ክሪስታል በብዙ ድንጋዮች ውስጥ ይገኛል። በውስጡ ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየም አለ፤ እነሱም ቀስ በቀስ ሲፈራርሱ ሂሊየም ጋዝ ይፈጥራሉ። ድንጋዩ መሬት ውስጥ ጠልቆ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጋዙ እያመለጠ ይጠፋል፤ ጋኑ ገና አልተመረገም ማለት ነው። ከላይ ያለው አፈርና ድንጋይ ተጠርጎ ሲሄድ ድንጋዩ ወደ ገጽ እየቀረበ ይቀዘቅዛል፤ ከ40 ዲግሪ በታች ሲደርስ ጋዙ ከሞላ ጎደል አያመልጥም። አሁን ጋኑ ተመርጓል። ላቦራቶሪ ውስጥ የተጠራቀመውን ሂሊየም ከቀረው ዩራኒየምና ቶሪየም ጋር አነጻጽሮ ከተመረገ ስንት ጊዜ እንደሆነው ማስላት ይቻላል። ወደ መሬት ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ስለሚጨምር ይህ «ምርጊት» የሚካሄደው ሁለት ኪሎ ሜትር አካባቢ ጥልቀት ላይ ነው።

ልብ በሉ እንግዲህ። የሚገኘው ቁጥር ጋኑ የተሠራበት ቀን አይደለም፣ የተመረገበት እንጂ። መሬቱ ከፍ ያለበት ቀንም አይደለም። መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ ከላይ ከላይ ሲበላ የሥረኛው ወደ ገጽ ይወጣል፤ መሶቡ ግን ከነበረበት ፈቅ አላለም። ፊሊፕ ኢንግላንድና ፒተር ሞልናር የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ የመሬት ገጽ ከፍ ማለትን፣ የድንጋይ ከፍ ማለትንና የድንጋይ መጋለጥን ራሳቸው ተመራማሪዎች እንደሚያደባልቁ አሳይተዋል። እነሱ ካደባለቁት እኛ ጋዜጠኞችማ እንዴት አናደባልቅ!

ወደ ዓባይ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2003 ራፋኤል ፒክና ባልደረቦቹ በዚሁ የሂሊየም ዘዴ ተጠቅመው ሸለቆው መቆፈር የጀመረው ከ25 እስከ 29 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው አሉ። በ2007 ደግሞ ናሂድ ጋኒና ባልደረቦቿ በሌላ መንገድ መጡ። ዕድሜያቸው የታወቁ የባዛልት ንጣፎችን ይዘው የጎደለውን ድንጋይ በመስፈር ቁፋሮው ከ10 ሚሊዮን፣ በኋላም ከ6 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ እየፈጠነ መሄዱን ጻፉ። ጽሑፋቸው የሰው ዘርን አመጣጥም ስለሚነካ ለአርዕስት የሚጣፍጠው ይሄኛው ነው። ታዲያ ማን ልክ ነው? እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥያቄው ራሱ ችኩል ነው። ሂሊየሙ የሚነግረን የመጀመሪያውን፣ የረጅሙን ጊዜ መቀዝቀዝ ነው፤ በኋላ የመጣ የጥቂት መቶ ሜትር ፈጣን ቁፋሮ እምብዛም ምልክት ላይተውበት ይችላል። ስለዚህ ወንዙ ቀደም ብሎ ጀምሮ ኋላ ላይ ቢፈጥን አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። «ሳይንቲስቶች ተጣሉ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ አንደኛው የመቀዝቀዝን ጊዜ፣ ሌላኛው የጎደለን ድንጋይ መለካቱን ለመጻፍ ግን ሁለቱንም ማንበብ ይጠይቃል።

ይሄ የመዝገበ ቃላት ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ። የሚያሳስበኝ ስለ ዛሬው አፈር ነው። 1,500 ሜትር ጥልቀት በ25 ሚሊዮን ዓመት ሲካፈል በዓመት 0.06 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ከአንድ ወረቀት ውፍረት ያነሰ። ይህን ቁጥር የያዘ ሰው «የአፈር መሸርሸር የተፈጥሮ ነው፣ ዓባይ ድሮም አፈር ይዞ ነው የሚሄደው» ብሎ ሊያጽናናን ይችላል፤ እንዲህ ሲባል ደግሞ ስንት ጊዜ ሰምተናል! ነገር ግን ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ለኢትዮጵያ የእርሻ መሬት የገመቱት በሄክታር በዓመት 42 ቶን ገደማ ነው። ወደ ውፍረት ሲለወጥ ከ3 ሚሊሜትር ይበልጣል። በእርግጥ ከማሳ የታጠበ አፈር ሁሉ ወንዝ አይገባም፣ ሸለቆና ማሳም አንድ አይደሉም። ቢሆንም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሃምሳ እጥፍ ገደማ ነው። የሚሊዮን ዓመት አማካይ በጎጃም ተዳፋት ላይ እርከን ለሚሠራ ገበሬ ስለዘንድሮው ክረምት የሚነግረው ነገር የለም። ቁጥሩን ስንት ዓመት እንደሚሸፍን ሳይናገር በዜና የሚያነበው ጋዜጠኛ ግን የነገረው ያስመስላል።

ሌላው የሚያበሳጨኝ «ሲደመር ሲቀነስ» የምትለዋ ነገር ናት። ከሁሉ ቀድማ በአርታኢ እጅ የምትሰረዘው እሷ ናት፤ ቦታ ትይዛለች፣ አድማጭ ታሰለቻለች ይባላል። «ከ25 እስከ 29» የሚለው «27» ሲሆን እኮ ዜናው ያማረ ይመስላል፤ ሰዎቹ ያላሉት ነገር ግን ተጨመረ።

መምህራኖቻችን ቅር እንዳይላችሁ እንጂ የሳይንስ ዘገባ ስንማር ምሳሌው ሁልጊዜ ጤና ወይም ግብርና ነው። ለፊቸር ኮርሳችን ከተግባር ሥራዎቹ አንዱ የጂኦሎጂ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ወስዶ ለአንባቢ በሚገባ አማርኛ መጻፍ ቢሆን ምን ይመስላችኋል? ጽሑፉን የሠራው ተማሪ አጠገባችን ስላለ ሥራችንን ከመታረሙ በፊት እሱ ሊያነበው ይችላል፤ «ይሄን አላልኩም» የሚልበት መስመር ካለ ያኔውኑ ይነግረናል።